መሬት ይካፈላል፣ የአባት ስም ግን አይካፈልም

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ አጎቴ ትንሽ የቡና መሬት አላቸው። የሆነ ዓመት ላይ ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተጣሉ። የተጣሉባት መሬት ሦስት እርምጃ አትሞላም፤ ላይዋ ላይ ያለው ስምንት እግር ቡና ነው፣ በቃ። ጃርሳ ቢያ (የአገር ሽማግሌዎች) ተሰበሰቡ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ቡና ተፈላ፣ ገመድ ተዘረጋ። ለምሳ ሳይነሱ መሬቷ እኩል ተከፈለች፤ አራት እግር ለዚህ፣ አራት እግር ለዚያ። እርቁ ግን አልያዘም።

ለምን መሰላችሁ? በጭቅጭቁ መሀል ጎረቤትየው "ያንተ አባት እኮ የሰው ቡና ለቃሚ ነበር" ብሏቸው ነበር። ይቺው ናት። አጎቴ ሽማግሌዎቹን "መሬቱን ሁሉንም ይውሰደው፣ አባቴን ግን ይመልስልኝ" አሏቸው። ድንበሩን በግማሽ ቀን የጨረሱ ሰዎች ያቺን አንድ አረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው።

ሰሞኑን ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን በቴሌቪዥን የጦርነት ዜና ይተላለፋል። አንዱ "ሁሉም ለነዳጅ ነው ባክህ" አለ። ሌላው "ኧረ ተወኝ፣ ሰውየው የግል ቂም አለበት" ብሎ መለሰለት። ማኪያቷቸው እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። እኔ ዝም ብዬ የአጎቴን ድንበር አስብ ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱ ነገሮች የት ጋ እንደሚገናኙ ግን አንዳቸውም አልተናገሩም። እኔ የገባኝን ያህል ላስረዳ።

ከሥሩ እንጀምር። ጦርነት ውድ ነው፣ ለአሸናፊውም ጭምር። ሁለት አገሮች በወደብ ወይም በወሰን ወይም በውሃ ቢጣሉ፣ ተዋግተው ተዋግተው የሚደርሱበትን ቦታ ሳይዋጉ ቢደርሱበት ለሁለቱም ይረክስላቸዋል። ያው ገመድ ዘርግቶ መካፈል ማለት ነው። ጦርነትን የሚያጠኑ ሰዎችም ራሳቸውን የሚያደክሙበት ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው መጣላቱ አይገርማቸውም፣ መጣላትማ ሁሌም አለ። የሚገርማቸው መካፈል እየተቻለ ለምን እንዳልተቻለ ነው።

ከሚሰጡት መልሶች ሁለቱ ለዛሬ ይበቁናል። አንደኛው፣ አንዳንድ ነገር አይካፈልም። ወደብን በጋራ መጠቀም ይቻላል፣ ግብርን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የአባትን ክብር ግን "ግማሹ ለኔ፣ ግማሹ ላንተ" ማለት አይቻልም። ሁለተኛው፣ ወሳኙና ከፋዩ አንድ ሰው አይደሉም። አጎቴ ተደባድበው ቢሆን ኖሮ የሚፈነከተው የራሳቸው ጭንቅላት ነው። መሪ ሲጣላ የሚፈነከተው መሪው ስሙን እንኳን የማያውቀው የገበሬ ልጅ ነው።

የግል ጉዳይ ብቻውን ጦርነት አይወልድም። ሁልጊዜ ከጀርባው የመሬት፣ የገንዘብ፣ የሥልጣን ጉዳይ አለ። የግል ጉዳይ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ሊካፈል ይችል የነበረውን ነገር የማይካፈል ያደርገዋል፣ ቀጥሎ ደግሞ ተው ባዩን ያርቃል። ይቺን "ተው ባይ" የምትል ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አፄ ቴዎድሮስን እንውሰድ። ገና የቋራው ካሣ ሳሉ ጎንደር ያሉት ባለ ሥልጣናት "የኮሶ ሻጭ ልጅ" ይሏቸው ነበር። እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠው ነው ያሳደጓቸው ይባላል። (ኮሶን ለማታውቁ ልጆች፦ የሆድ ትል የሚያስወጣ መራራ መድኃኒት ነው። እሱን ይዞ ገበያ መቀመጥ ያኔ የድሃ ድሃ ሥራ ነበር።) ሌላም ይተረካል። ካሣ በደባርቂ ከግብፆች ጋር ተዋግተው ቆስለው ተመለሱ፤ ሐኪሙ ለማከሚያ ፍሪዳ ጠየቀ፤ ካሣ ወደ እቴጌ መነን ላኩ፤ እቴጌዋ ግን ፍሪዳውን ትተው አንድ ብልት ሥጋ ሰደዱላቸው። እቴጌ መነን የራስ አሊ እናት፣ የካሣ ሚስት የተዋበች ደግሞ አያት ናቸው፤ ማለትም ስድቡ የመጣው ከአማት ቤት ነው። ተዋበች ሥጋውን አይታ "ይህን ውርደት ተሸክመህ ትኖራለህ ወይ" ብላ ባሏን አስነሳችው ይላሉ ተራኪዎቹ።

እርግጥ ካሣ በአንድ ብልት ሥጋ ብቻ አልሸፈቱም። አገሩ በመሳፍንት ተበጣጥሶ ነበር፣ እሳቸውም ጉልበት ነበራቸው። ግን ከነገሡ በኋላ የሆነውን እዩ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነትና በቱርኮች ላይ እርዳታ ፈልገው ነበር። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ የሚመልስለት ጠፋ። ይሄ እስከዚህ ድረስ የቢሮ ስንፍና ነው፣ የሆነ ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ የረሳው ወረቀት። ለቴዎድሮስ ግን "የኮሶ ሻጭ ልጅ ስለሆንኩ ናቁኝ" ሆነ። በዚያው ሰሞን ስተርን የተባለ ሚሲዮናዊ በጻፈው ነገር ውስጥ ስለ እናታቸው ኮሶ መሸጥ የሚያወራ ነገር ተገኘ። ቆንስሉን ካሜሮንን ጨምሮ አውሮፓውያኑ ታሰሩ። እንግሊዝ ጄኔራል ናፒየርን 13 ሺህ ያህል ወታደር አስይዛ ላከች፤ መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደቀች። ቴዎድሮስ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ቪክቶሪያ ቀደም ብላ በስጦታ የላከችላቸው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁሌም የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነገር ነው። ቴዎድሮስን ደፍረው "ተው" የሚሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ ይባላል፤ ሚስታቸው ተዋበችና እንግሊዛዊው ጓደኛቸው ጆን ቤል። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፈች። ቤል ከጥቂት ዓመት በኋላ በውጊያ ሞተ። ደብዳቤው የተጻፈው ሁለቱም ከሄዱ በኋላ ነው። የመልሱን መዘግየት "ንቀት ላይሆን ይችላል፣ ትንሽ እንጠብቅ" የሚል ሰው አጠገባቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ሩቅ አገር። ጆርጅ ቡሽ አባቱም ፕሬዚዳንት ነበር። አባትየው እ.ኤ.አ. በ1991 ሳዳም ሁሴንን ከኩዌት አስወጣና ባግዳድ ሳይገባ ቆመ። ሳዳም ከነወንበሩ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1993 አባት ቡሽ ከሥልጣን ወርዶ ኩዌትን ሲጎበኝ በመኪና ላይ በተጠመደ ቦምብ ሊገድሉት ነበር ተባለ፤ አሜሪካ ከባግዳድ ነው የመጣው ብላ የኢራቅን የስለላ ዋና መሥሪያ ቤት በሚሳይል መታች። ያኔ ፕሬዚዳንቱ ክሊንተን ነበር። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 ልጅ ቡሽ ሂውስተን ላይ ለደጋፊዎቹ ስለ ሳዳም ሲናገር፣ ስለ ጦር መሣሪያው ከዘረዘረ በኋላ፣ ይሄ እኮ አባቴን ሊገድል የሞከረ ሰው ነው የምትል ነገር ጣል አደረገ። ከስድስት ወር በኋላ ኢራቅ ተወረረች። የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት ደግሞ አልተገኘም።

ታዲያ ጦርነቱ የአባት ደም መመለሻ ነበር? እንዲያ ካልኩ የቡና ቤቱ ወንድሜ "ነዳጁስ?" ይለኛል፣ ልክም ነው። የመስከረም 11ዱ ጥቃት አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ሳዳምን ማስወገድ ለዓመታት ሲወተውቱ የኖሩ አማካሪዎች አሉ። ግን እንዲህ ብላችሁ አስቡት። ክሊንተንም ያው ሳዳም፣ ያው ነዳጅ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1998 አራት ቀን ደበደበና አቆመ። ለክሊንተን ሳዳም የሥራ ጉዳይ ነው፤ ለቡሽ የሥራም የቤትም ጉዳይ ነበር። ሌላው ይቅር፣ የአባትየው የቅርብ ወዳጅና የደኅንነት አማካሪ የነበረው ብሬንት ስኮክሮፍት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2002 ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሳዳምን አታጥቁ ብሎ ጻፈ። የአባት ጓደኛ ማለት እኛ ጋ አባት ማለት ነው። ሽማግሌ ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል? አልተሰማም።

የቤተሰብ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ። ሰው ቂሙን ቂም ብሎ አይጠራውም። ልጅ ቡሽ ማታ ተኝቶ "አባቴን ልበቀል" ያለ አይመስለኝም። ቂም የሚሠራው በጓሮ ነው፤ ሁለት ማስረጃ ሲቀርብልህ አንዱን ቶሎ ያሳምንሃል፣ ሌላውን ያስረሳሃል። አንድ ሰው "ምናልባት መሣሪያው የለም" ሲልህ፣ ከጠላህ ሰው ጎን የቆመ ይመስልሃል። አጎቴም ቢሆኑ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጎረቤታቸው ላሙን ከጓሯቸው ሲያባርር ባዩ ቁጥር ሆን ብሎ የሰደዳት ይመስላቸው ነበር። ላም እኮ ናት!

ወደ አገራችን ልመለስ፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የኛ ታሪክ ከማንም አያንስም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ወሎ ላይ ነበሩ። ሚካኤል ብልህ ሰው ናቸው፣ ከአፄ ዮሐንስም ከአፄ ምኒልክም ጋር ተስማምተው የኖሩ። የሸዋ መኳንንት ለእሳቸው ጥሩ ነገር ሊሰጧቸው ይችሉ ነበር፤ ወሎን፣ ማዕረጋቸውን፣ ሰላም። የተነሳው ጥያቄ ግን ስለ ልጃቸው ነው። ልጅ እንዴት ይካፈላል? ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ድል ቀናቸው፣ ከዚያ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፣ ተማረኩ፣ በእስር እንዳሉ ከሁለት ዓመት ግድም በኋላ አረፉ። በሰገሌ በአንድ ቀን የወደቀው ሰው ብዛት እስከ ዛሬ ይወራል። አብዛኛው ኢያሱን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ነው።

ከሰገሌ የሚመዘዝ ሌላ ክር አለ፣ ለኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ኢያሱ ሲወርዱ ዘውዲቱ ነገሡ። ዘውዲቱ ባል ነበራቸው፤ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ። መኳንንቱ የጣይቱ ወገን በጓዳ በር ተመልሶ እንዳይገባ ፈሩና ዘውዲቱ ዙፋኑን የሚያገኙት ከባላቸው ከተለዩ ብቻ ነው አሉ። ተለያዩ። ሚስት አዲስ አበባ ንግሥተ ነገሥታት፣ ባል በጌምድር ላይ ገዢ። ፍቺው የመንግሥት ውሳኔ ነው፣ ማንም ባልና ሚስቱን የጠየቀ የለም። አማርኛ "በሚስትና በርስት ቀልድ የለም" ይላል፤ እዚህ ሚስቱም ርስቱም አንድ ላይ ነው የተነኩት።

አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። በመሀሉ ተፈሪ እየገነኑ፣ በ1921 ንጉሥ እየተባሉ፣ የክፍለ ሀገር ገዢዎችን ሥልጣን እየሸረፉ መጡ። ጉግሣ በመጨረሻ በ1922 አመፁ። የታሪክ ሰዎች ምክንያቱን ሲዘረዝሩ ግብሩን፣ የተፈሪን ማዕከላዊነት፣ የራያና አዘቦን ሁከት ይጠቅሳሉ። ሁሉም እውነት ነው። ግን እነዚህ ሁሉ ለሌሎችም ገዢዎች የደረሱ ነገሮች ናቸው፤ አብዛኞቹ አጉረመረሙና ተቀመጡ። ሚስቱን ያጣው አንዱ ነው የተነሳው። እኔ ይሄ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ተው ባይስ? መጣ፣ ያውም ከሰማይ። መንግሥት አውሮፕላን ልኮ በጉግሣ ጦር ላይ የማስጠንቀቂያና የውግዘት ወረቀት በተነ። ያኔ አውሮፕላን አይቶ የሚያውቅ ወታደር ስንት ይሆን? ከወረቀቱ ቀጥሎ ቦምብ መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ጉግሣ ተገደሉ። ዘውዲቱ ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24፣ አረፉ። ታመው ነበር፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ "የባሏን ሞት ሰምታ ነው" ይላል። በሰኔ ቢሆን ኖሮ ማንም እንዲህ አይልም ነበር፣ ሁለት ቀን ግን ሁለት ቀን ነው።

እዚህ ጋ አንዱ "ታዲያ ዝምድና ጦርነትን ያስቀራል ሲባል የምንሰማውስ?" ሊለኝ ይችላል። ድሮ ለሰላም ተብሎ ልጅ ይዳር ነበር። በ1874 ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የቀድሞው ራስ አዳል፣ እምባቦ ላይ ተዋጉ። የተዋጉት በኛ በኩል ባለው ደቡብ ምዕራብ ላይ ማን ይዘዝ በሚል ነው፤ የዝሆን ጥርሱ፣ ወርቁ፣ ቡናው እዚህ ነበርና። አፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጥተው ነገሩን ያበረዱት በመጨረሻ በጋብቻ ነው፤ የራሳቸውን ልጅ አርአያ ሥላሴን ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ ዳሩ። አዎ፣ ያቺው ዘውዲቱ፣ ገና ሕፃን እያሉ። አርአያ ሥላሴ በ1880 ሞቱ፣ ዝምድናው አብሮ ላላ። ግማሽ ምዕት ዓመት ግድም ቆይቶ አፄ ኃይለ ሥላሴ ልጃቸውን ዘነበወርቅን ለዮሐንስ ዘር ለኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ዳሩ፤ ልጅቷ ገና በለጋነቷ ሞተች፣ አማችየው ትግራይን በሙሉ እፈልጋለሁ ብሎ ቅር እንዳለው ኖረ፣ ጣልያን በ1928 ሲገባ ወደ ጣልያን ተሻገረ። በጋብቻ የተሠራ ሰላም ዕድሜው የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። ልጅቷ ታመመች ማለት ውሉ ታመመ ማለት ነው።

አውሮፓም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 የጀርመኑ ዊልሄልምና የእንግሊዙ ጆርጅ የአንድ አያት፣ የቪክቶሪያ ልጅ ልጆች ነበሩ። የሩሲያው ኒኮላስና ጆርጅ የእህትማማቾች ልጆች ናቸው፣ መልካቸው እንኳን ይምታታል። ዊልሄልምና ኒኮላስ ጦርነቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት "ዊሊ" እና "ኒኪ" እየተባባሉ ቴሌግራም ይላላኩ ነበር። ምንም አልፈየደም። ኒኮላስ ከዙፋኑ ሲወርድ ደግሞ ጆርጅ መጀመሪያ የቀረበውን የመጠጊያ ሐሳብ አስሰረዘው።

ዝምድናው በጋብቻ ሳይሆን በጎሳ ሲሆን ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ትልልቆቹ የኦጋዴንን ጦርነት በደንብ ያስታውሱታል፤ ከጅማም ስንቱ ሚሊሻ ሆኖ ሄዷል። ዚያድ ባሬ አባቱ ማሬሃን፣ እናቱ ኦጋዴን፣ አማቹ ዱልበሃንቴ ነበር። ሶማሌዎች መንግሥቱን በእነዚህ በሦስቱ የመጀመሪያ ፊደላት "ሞድ" እያሉ በሹክሹክታ ይጠሩት ነበር። ታላቋ ሶማሊያ የሚለው ሐሳብ ከሱ በፊት ነበረ፤ አምስቱን የሶማሌ ግዛቶች የሚያመለክተው ባለ አምስት ጫፉ ኮከብ ባንዲራው ላይ የተሰፋው በ1947 ዓ.ም. ነው። ሌሎችም መሪዎች ያንን ኮከብ እያውለበለቡ ገዝተዋል። ዚያድ ባሬ ግን አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ዘመዶቻቸው ከወሰኑ ማዶ ነው የሚኖሩት። በየቀኑ የአጎት ልጅ እየመጣ "እኛን መቼ ነው የምታወጣን?" የሚለው ሰው፣ ከመጻሕፍት ካነበበው ሰው ጋር አንድ አይደለም። በ1969 ሐምሌ ጦሩ ገባ፣ በ1970 መጋቢት ተሸንፎ ወጣ። ወር እንኳን ሳይሞላ የገዛ መኮንኖቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩበት።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ሌላ በር ትከፍታለች። የግል ምክንያት ሲባል ቂምና ዘመድ ብቻ አይደለም፣ ወንበርም አለ። ሥልጣን ለቆ ቤቱ የሚገባ መሪ በሽንፈት የሚያጣው ሥራውን ነው። ሥልጣን መልቀቅ ማለት እስር ወይም ስደት ወይም ሞት የሆነበት መሪ ግን፣ ጦርነቱ ከመቶ አሥር እጅ ብቻ የማሸነፍ ዕድል ቢኖረው እንኳን ያችኑ አሥር እጅ ይዞ ይገባል። ለአገሩ መጥፎ ቁማር ነው፣ ለእሱ ብቸኛው ቁማር ነው። የአርጀንቲናው ጋልቲዬሪ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1982 ቦነስ አይረስ ላይ ትልቅ ሰልፍ ወጣበት፤ በሦስተኛው ቀን ጦሩ ፎክላንድ ደሴቶች ላይ ወረደ። ዕቅዱ ቀድሞም ነበር፣ ቀኑን ግን ያቀረበው ፍርሃቱ ነው የሚሉ አሉ። ያው የተቃወመው ሕዝብ ለጥቂት ሳምንት አጨበጨበለት። 649 አርጀንቲናውያንና 255 እንግሊዛውያን ሞቱ፣ ጋልቲዬሪም ወንበሩን አጣ።

ስለ ቅርብ ጊዜው የራሳችን ጉዳይ እዚህ አልጽፍም። ቁስሉ ገና ነው፣ ሁሉም ቤት ለቅሶ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልስጥ። ይሄ ዓይነት ትንተና ሱስ ያስይዛል። አንዴ ከጀመርክ ሁሉ ነገር የእናትና የአባት ወሬ ይሆንብሃል፤ የትኛው መሪ በልጅነቱ ተገረፈ፣ የማን ሚስት ማንን ጠላች። ሐሜት ነው፣ ደስም ይላል። እኔ ራሴን የምገታው በአንድ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ፣ በዚያው ዓመት፣ ሌላ ሰው ተቀምጦ ቢሆን ጦርነቱ ይደረግ ነበር? የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ላይ መልሴ "ምናልባት አዎ" ነው፤ ጦሩና ውሉ ሁሉ ተጠምዶ ነበር። አንቺም ላይ መልሴ "አይመስለኝም" ነው። ኢራቅ ላይ ከቡና ቤቱ ሰዎች ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

የቤተሰብ ጉዳይ ሁሌ ወደ ጦርነት ነው የሚገፋ ብዬ እንዳልጨርስ ደግሞ ጅሬን አለልኝ። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ኮረብታውን ስትወጡ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ በእንጨት የተሠራው በረንዳ፣ ከታች የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ ይታያል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ሲነግሡ ገና ልጅ ነበሩ። ከእምባቦ በኋላ ምኒልክ ወደዚህ መምጣታቸው አልቀረም። ወጣት ንጉሥ፣ አዲስ ዙፋን፣ የቀዳማዊውን ንጉሥ ስም የወረሰ፤ የመጀመሪያው አባ ጅፋር ነው መንግሥቱን ያቆመው። እልህ ምላጭ ያስውጣል፣ ለእልህ ደግሞ ከዚህ የተመቻቸ ሰው የለም። እናትየው ንግሥት ጉሚቲ ግን ተው አሉ። ግብር ክፈል፣ አትዋጋ አሉ። እናት ናትና ማንም "ፈሪ" ሊላት አይችልም፣ ልጇን ከማትረፍ ሌላ ጥቅምም የላትም። አንድ ጄኔራል ይቺኑ ምክር ቢሰጥ ባንዳ ይባል ነበር።

ልጅየው ሰሙ። ጅማ ግብሩን እየከፈለ የውስጥ ጉዳዩን ራሱ እያስተዳደረ እ.ኤ.አ. እስከ 1932 ድረስ ቆየ፣ ገበያው ሂርማታም ደራ። ትምህርት ቤት ይሄን ሲያስተምሩን እንኮራ ነበር። ትንሽ ዝም የሚባለው ቀጥሎ ያለው ነው። ግብር ከፋይ ሲዘምት አብሮ ይዘምታል፤ የአባ ጅፋር ሰዎች በወላይታም በ1889 በከፋም ዘመቻ አብረው ነበሩ። ከፋ አልገብርም አለ፣ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ወራት ተዋግቶ ተያዘ፣ አገሩ ባዶ ቀረ። ጉሚቲ ልጃቸውን አተረፉ፣ አገራቸውንም። የጎረቤት እናት ልጅ የሳቸው ጉዳይ አልነበረም። የቤተሰብ ፍቅር ሰላም ሲያመጣም ድንበር አለው ማለት ነው፤ ከግቤ ማዶ፣ ከጎጀብ ማዶ አይሻገርም።

የአጎቴን ነገር ሳልጨርስ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጎረቤትየው እናት ሞቱ። አጎቴ ሦስት ቀን አስበው፣ በሦስተኛው ቀን ጋቢያቸውን ደርበው ለቅሶ ደረሱ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጎረቤትየው ተነስቶ ራሱ ውሃ አቀረበላቸውና ሰው ሁሉ እየሰማ "አባትህ ይቺን እናቴን አንድ ክረምት እህል አበድሮ አሻግሯታል፣ እሷ ነግራኛለች" አለ። ይቅርታ የሚል ቃል አልተነሳም። አጎቴ ጨብጠውት ተቀመጡ።

በሳምንቱ ድንበሩን አብረው ሊያዩ ሄዱ። በሁለቱ ዓመት ሁለቱም እልህ ተጋብተው ማንም አልነካትም ነበርና፣ ሦስት እርምጃዋን ዳዋ ውጧታል። ከስምንቱ እግር ቡና አምስቱ ደርቀዋል።